የአስታማሚ ወንበር

ኢዮስያስ ከጣሪያ የወደቀው በሁለት ሺህ ሰባ አራት ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የውሃ ታንከሩን ክዳን ነፋስ ገልብጦት ሊመልሰው ወጥቶ ነበር። ሚስቱ ኤልዳና ከታች መሰላሉን ይዛ «ተወው፣ ሰው እንጥራ» ትለው ነበር። እሱም «ጨረስኩ እኮ» አላት። ቆርቆሮው እርጥብ ነበር። የወደቀው በዳሌው ነው፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሁለቱም ሰሙት።

ኢዮስያስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ግን በሕይወቱ አንድም ቀን የጭነት መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ ካለው ቤቱ፣ ጓዳ ውስጥ ካለች ወንበር ላይ ሆኖ፣ ከሚሌ እስከ ጋላፊ ያለውን መንገድ በርቀት ይነዳል። የአፋርን ሙቀት ከፊቱ ባለው ስክሪን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጎረቤቱ በዚያው ዓይነት ወንበር ላይ ሆኖ የወደብ ክሬን ያንቀሳቅሳል፤ የጎረቤቱ ሚስት ደግሞ የሌላ አገር ሕፃናትን ሒሳብ ታስተምራለች። ያኔ አገሩ በሙሉ ተቀምጦ ነበር የሚሠራው።

ለዚህም ነው የእግር ሰዓት የመጣው። መቀመጥ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ፣ ባት ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ እየወጣ ሰውን ከወንበሩ ሳይነሳ ማስቀረት ከጀመረ በኋላ፣ በየቀበሌው ማማ ደወል ተተከለ። በየሰዓቱ ይደወላል። ሰው ሁሉ ይነሳል፤ ተረከዙን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ቁርጭምጭሚቱን ያዞራል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ዳኛው ከነተከሳሹ ይነሳል። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ይነሳሉ። ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት እግር ማፍታታት ይማራሉ። ከዚያ በተጨማሪ ቀበሌው ባት የሚጨምቅ ካልሲ ያድላል፤ ያላደረገ ሰው ወደ ሥራ ወንበሩ ሲወጣ ወንበሩ አይሠራለትም።

ኤልዳና ካልሲ አድርጋ አታውቅም። የምትሠራው በቦርከና ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል ትውላለች። ደወሉ ሲደወል ሁልጊዜ ቆማ ነው የሚያገኛት። «ይሄ የተቀማጮች በሽታ ነው» ትላለች እየሳቀች። ማታ ማታ ባሏን ከጓዳ ጎትታ አውጥታ በወንዙ ዳር ታራምደዋለች። እሱ ያጉረመርማል፤ ካልሲው እኮ ይበቃል ይላል። እሷም «ካልሲው ያጫውትሃል?» ትለዋለች።

ቀዶ ጥገናውን ያደረገለት ሐኪም ሌላ ከተማ ነበር። ኢዮስያስ ሲነቃ ያገኘው ሁለት እግሮቹን በየተራ እየጨመቀ የሚለቅ አልጋ፣ ከእጁ ጋር የተያያዘ ቀጭን ቱቦ፣ እና ከጎኑ ባለ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሚስቱን ነው። የፎቁ ነርስ ሲስተር ረውዳ የኤልዳናን ጣት ወንበሩ ክንድ ላይ እያስነካች ነበር።

«እታለም፣ ከዚህ በኋላ ወንበሩ የሚያውቀው አንቺን ብቻ ነው» አለቻት።

«ብነሳስ?»

«ለጥቂት ጊዜ ምንም አይልም። ሽንት ቤት ደርሰሽ መመለስ ትችያለሽ። ከቆየሽ ግን አልጋው አስታማሚ የለም ይልና የሕመም ማስታገሻውን ያቆማል። ጠባቂ ለሌለው ሰው ያን መድኃኒት አይሰጥም።»

«አንቺስ አለሽ አይደል?»

ረውዳ ኮሪደሩን በአገጯ አሳየቻት። «እኔ ለዚህ ፎቅ በሙሉ አንድ ነኝ።»

ድሮ በየክፍሉ ነርስ ነበረ አሉ። ከዚያ ነርሶቹ እያነሱ ሄዱ፤ ቤተሰብ ግን መምጣቱን አልተወም። አስታማሚ አልጋ አጠገብ መቀመጥ ልማዱ ነው፣ ማንም ሳያዘው ይቀመጣል። ሆስፒታሎቹ ያንን አይተው ወንበሩን አስገቡት።

በሁለተኛው ቀን ኢዮስያስ እንቅልፍ ሲወስደው ኤልዳና ወደ ግቢው ወረደች። ወገቧ ተሳስሯል፤ ፀሐይ ማየት ፈልጋለች። በአጥሩ ዙሪያ የተተከሉትን ጽዶች እያየች፣ ማን ነው እንዲህ አጠጋግቶ የተከላቸው እያለች ትራመድ ነበር። የባሏን ጩኸት የሰማችው ወደ ደረጃው ስትመለስ ነው። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። አልጋው ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ጠፍቷል፤ ኢዮስያስ በላብ ተዘፍቋል፤ የአልጋውን ብረት የያዘበት ጣቱ ነጭ ሆኗል። እሷ ስትቀመጥ መብራቱ በራ። መድኃኒቱ እስኪደርስለት ግን ጊዜ ወሰደ፤ ያን ጊዜ ሁሉ እጇን እንደያዘ አለቀሰ። በትዳራቸው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

«ኤልዱ፣ ሁለተኛ እንዳትሄጂብኝ» አላት።

«አልሄድም። አብሽር፣ አልሄድም።»

አልሄደችምም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት አቆመች ማለት ይቻላል። ከጠጣች መነሳት ይመጣል፤ ከተነሳች ደግሞ ባሏ ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሎ ይጠብቃታል። ከንፈሯን ብቻ ታርሳለች። መጀመሪያ አካባቢ ወንበሩ ላይ እንዳለች ቁርጭምጭሚቷን ታዞር ነበር፤ ለሕፃን እንደሚዘፈነው እየዘፈነች እሱንም «አውራ ጣትህን ወደኔ፣ አሁን ወደ ግድግዳው» ትለዋለች። «አልጋው እያደረገልኝ እኮ ነው» ይላታል። ቀስ በቀስ እሷም ተወችው። ሕሙማን እንዲያርፉ ሲባል ክፍሉ ውስጥ የእግር ሰዓት ደወል አይደወልም፤ የከተማው ደወልም በድርቡ መስታወት አልፎ አይገባም። በአገሩ ውስጥ ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተቀምጦ የሚቀርበት ቦታ ቢኖር የሕሙማን ክፍል ነበር።

ሌሊቱን ግንባሯን ፍራሹ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ እግሯን ከወንበሩ በታች አጥፋ ትተኛለች።

ቢሆንም እነዚያ ቀናት ለሁለቱም መጥፎ ብቻ አልነበሩም። ከተጋቡ እንደዚያ ተጫውተው አያውቁም። ዘንድሮ የዝግባው ችግኝ ከፕላስቲኩ ሳይወጣ ዝናቡ ሊያልፍ መሆኑን ነገረችው። እሱ ደግሞ ለማንም ያልነገረውን ነገራት፤ ሚሌን እንዳለፈ መንገድ ዳር የምትቆም አንዲት ሴት አለች፣ መኪናው ውስጥ ሰው እንደሌለ እያወቀች ሁልጊዜ እጇን ታውለበልባለች፣ እሱም ሁልጊዜ መብራት ያበራላታል። ኤልዳና ይህን ስትሰማ «ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ? ሰው ሰላም ይለኛል ብዬ?»

«አዎ፣ እሱን ብለህ።» ተሳሳቁ። ሲስቅ ዳሌው አመመውና ይበልጥ ሳቁ።

በሳምንቱ እሑድ ልጃቸው አስካለ ከሰመራ መጣች። በዚያ ዘመን የቅድመ አያት ስም ለልጅ ማውጣት ፋሽን ሆኖ ነበር፤ የእሷም ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሾርባ በፔርሙስ ይዛ፣ አባቷን ስማ፣ እናቷን አየቻት።

«እማዬ ፊትሽ ገርጥቷል። ተነሺ፣ እኔ ልቀመጥ።»

ኤልዳና ብድግ አለች፤ አስካለ ተቀመጠች። ወንበሩ ጮኸ። አስካለ ጣቷን ደጋግማ አስነካች፤ ወንበሩ አሁንም ጮኸ። ረውዳ መጥታ ስም ለማስቀየር ማመልከት እንደሚቻል፣ መልሱ ግን ቀናት እንደሚወስድ ነገረቻት። አስካለ አመለከተች። ኤልዳና ተመልሳ ስትቀመጥ ልጅቷ ዓይኗ ወደ ወለሉ ሄደ።

«የግራ ጫማሽን ለምን አወለቅሽው?»

«ሞቆኝ ነው።»

«አንዱን ብቻ?»

«አንቺ ደግሞ! ሾርባውን ስጪኝ ይልቅ።»

አስካለ ማክሰኞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ላመለከተችው ነገር መልስ አልመጣም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ረውዳ የኢዮስያስን ቁስል ልታይ ገባች። ሥራዋን ጨርሳ ስትዞር የኤልዳናን እግር አየች። ቁጢጥ ብላ የግራ ባቷን በመዳፏ ያዘችው፤ ከዚያ የቀኙን።

«ይሄኛው አብጧል። ይሞቃልም። እዚህ ጋ ስነካሽ ያምሻል?»

«ትንሽ። መቀመጥ አልለመድኩም፣ ለዚያ ነው።»

«እታለም፣ አሁኑኑ ወርደሽ ድንገተኛ ክፍል ታዪ።»

«ረውዳዬ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጥቂት ቀን ብቀመጥ ምን እሆናለሁ?»

«እግሩ ልክ አይደለም እያልኩሽ ነው።»

«ነገ ጠዋት ያቆሙታል ተብሏል። እሱ ከቆመ ማስታገሻውም ይቀራል። ያኔ እወርዳለሁ። አሁን ብሄድ ምን እንደሚሆን አይተሻል።»

ኢዮስያስ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አልተኛም። ሁሉንም ሰምቷል። ሂጂ ለማለት አፉን ሊከፍት ነበር፤ የዚያን ቀኑ ሕመም ትዝ አለው፣ አጥንቱ ውስጥ እንደ ጋለ ብረት የገባው። አንድ ሌሊት ነው፣ ነገ ትሄዳለች አለ በልቡ። እንደተኛ ሰው አተነፋፈሱን አስተካከለ።

ረውዳ ወጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ደወለች። ሰዎቹ ታካሚ እንጂ ጎብኚ ለማየት ፎቅ እንደማይወጡ፣ ሴትየዋ ራሷ ትውረድ ብለው መለሱላት። የሌላ አልጋ መብራት ጠፋና ወደዚያ ሮጠች።

ጠዋት ሁለት ሰዎች መደገፊያ ይዘው መጡ። ረውዳ ቱቦውን ነቀለችለት። ኢዮስያስ እግሮቹን አወረደ፣ መደገፊያውን ጨበጠ፣ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ኤልዳናም ተነሳች። ወንበሩ አልጮኸም፤ ሥራው አልቋል። ግራ እግሯን እየጎተተች ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆመችና ዳዴ ለሚል ሕፃን እንደሚደረገው እጆቿን ዘረጋችለት።

«ና። ወደኔ ና።»

አንድ እርምጃ ሄደ። እሷ ወደ ኋላ አለች። ሌላ ሄደ። ፊቷ በራ፤ «አየህ? አየህ አይደል?» አለችው። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ የረሳችው ነገር ትዝ ያላት ሰው ይመስል። «ኢዮሲ፣ ትንፋሽ…» አለች። ግድግዳውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ተጋደመች።

ረውዳ ከጎኗ ተንበርክካ ደረቷን መጫን ጀመረች፤ አንዱ ሰውዬ እርዳታ ለመጥራት ሮጠ፤ ሌላው ኢዮስያስን ከኋላ ያዘው። ኢዮስያስ ከሚስቱ በላይ ቆሞ ነበር፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካት ርቀት። ዳሌው ግን አይታጠፍም። መጎንበስ አልቻለም፣ መንበርከክም አልቻለም። «ኤልዱ፣ ኤልዱ» እያለ ከላይ ይጠራታል። መደገፊያውን ለቅቆ እላይዋ ሊወድቅ ፈለገ፤ ሰውዬው አጥብቆ ያዘው፣ «ይሰበራሉ ጋሼ፣ ይሰበራሉ» እያለ። ከኋላው አልጋው ታካሚው መነሳቱን በለስላሳ ድምፅ ደጋግሞ ይናገር ነበር።

እንደዚያ እንደቆመ ሞተች።

ለቅሶው ቤታቸው ደጃፍ በተተከለ ድንኳን ሆነ። የችግኝ ጣቢያው ሴቶች ከነጭቃ ጫማቸው መጡ፤ ሥራ ላይ እንዳሉ ነበር የሰሙት። ደወሉ ሲደወል ለቀስተኛው ሁሉ እንደ ልማዱ ተነስቶ ተረከዙን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ አልቃሾቹም ድምፃቸውን ሳያቋርጡ ቆሙ። ኢዮስያስ ብቻ አልተነሳም። ጎረቤቶቹ «ተነስ እንጂ፣ ለአንተም ያሰጋል» አሉት። ቀጣዩ ደወል መጣ፤ አሁንም አልተነሳም። አስካለ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ ተነስ።»

«ነቅቼ ነበር» አላት።

«መቼ?»

«ረውዳ ሂጂ፣ ታዪ ስትላት። እንደተኛ ሆኜ ዝም አልኩ። እንዳያመኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

አስካለ አየችው። ከዚያ ዞራ ከድንኳኑ ወጣች። ሰዎች ወዴት ሄደች ተባባሉ፤ አንዲት ሴት ተከትላት፣ ብቻዋን መሆን እንደምትፈልግ ተነግሯት ተመለሰች። አስካለ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። አባቷን ይቅር አላለችውም፣ አልረገመችውምም። ብብቱ ሥር እጇን አስገብታ ወደ ላይ ሳበችው።

«ተነስ አልኩህ። እሷን ልቀብር መጥቼ አንተንም ቀብሬ አልሄድም።»

ተነሳ። በልጁ ክንድ ላይ ተደግፎ፣ የድንኳኑን ዙሪያ እያነከሰ ዞረ።

በዚያ ዓመት መጨረሻ በሆስፒታሎች ውስጥ በረጋ ደም የሞተ አንድም ታካሚ እንደሌለ በዜና ተነገረ። ልክ ነው። ኤልዳና ታካሚ አልነበረችም።

ኢዮስያስ ወደ ሹፌርነቱ አልተመለሰም። ዳሌው እየጠና ሲሄድ በከዘራ መራመድ ጀመረ፤ በወንዙ ዳር ግን መሄድ አልቻለም፣ እግሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። በከተማው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል። አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ ሲዞር ራሱን ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘው። ሊመለስ አሰበ። ከዚያ ደረጃውን እያረፈ እያረፈ ወጣ።

ረውዳ ኮሪደሩ ላይ አየችው። የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ መጥታ ትከሻውን ሳመችው።

«ምን ልርዳዎት ጋሽ ኢዮስያስ?»

«ምንም። ልግባ ብቻ።»

የጎብኚ ሰዓት አልነበረም። ረውዳ ወደ ኋላዋ አየችና መንገዱን ለቀቀችለት።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሙአዝ የሚባሉ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ ወንበሩ ላይ ልጃቸው ዘሃራ አለች። ሻርፗ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ወድቋል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ኢዮስያስ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም አላቸው፤ ማን እንደሆነም በአጭሩ ነገራቸው። ዘሃራ ስለ ሚስቱ ሰምታ ኖሮ ልትነሳለት ስትል አባቷ እጇን ጠበቅ አደረጉ። ተመልሳ ተቀመጠች።

ኢዮስያስ ከኮሪደሩ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ አመጣላት።

«አይ፣ አልጠጣም» አለች። «ከጠጣሁ መነሳት ይመጣል።»

«አውቃለሁ። ጠጪ፣ ከዚያ ሂጂ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረሽ ነይ።»

«አባዬን ያመዋል።»

«አዎ፣ ያመዋል። እኔ አጠገቡ እሆናለሁ።»

«ጋሼ፣ ወንበሩ እኮ አይቀበልዎትም።»

«ወንበሩ ላይ አልቀመጥም። እቆማለሁ።»

ዘሃራ አባቷን አየች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ረውዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሂጂም ቅሪም አላለችም። ዘሃራ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣች። ከዚያ የወንበሩን ክንድ ተደግፋ ተነሳችና ወጣች።

ኢዮስያስ ከዘራውን አልጋው ላይ አስደግፎ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

«ያምዎታል» አላቸው። «አልዋሽዎትም። ግን ያልፋል።»

ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ሙአዝ መጀመሪያ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ከዚያ ማቃሰት ጀመሩ፤ ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ። የኢዮስያስን ጣቶች እስኪንቋቁ ድረስ ጨመቋቸው።

«የት ሄደች?»

«እግሯን ልታፍታታ።»

«ጥራልኝ! ለአላህ ብለህ ጥራልኝ!»

ኢዮስያስ ዓይኑ እንባ ሞላ። በመስኮቱ በኩል ወደ ታች አየ፤ ዘሃራ ከጽዶቹ ሥር አንገቷን ቀና አድርጋ፣ መጀመሪያ እያነከሰች፣ ኋላም ፈጠን እያለች ትሄድ ነበር። አልጠራትም።

«መቼ ነው የምትመለሰው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሲበቃት» አላቸው፣ ሁለተኛ እጁንም ጨምሮ ያዛቸው።